ልጅ ሆዱ ውስጥ እጢ ሲያብጥ አስፕሪን ይሰጠዋል ወይ?

መልሱን ከላይ ላስቀምጠው፤ የቸኮለ ሰው አንብቦ ይሂድ። ልጅ ሆድ ውስጥ ያሉት እጢዎች አብጠዋል ከተባለ አስፕሪን አይሰጥም። ሐኪም በሌላ ምክንያት ካላዘዘ በቀር። ያልቸኮለ ደግሞ ይቀመጥ፤ እኛን የገጠመንን ላውጋው።

ኮምቦልቻ የምኖር የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው ያየሁትንና ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ ያነበብኩትን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ልጄ አስር ዓመቱ ነው። ጉንፋን ይዞት ሰንብቶ ሊሻለው ሲል ሆዱን አመመው። መጀመሪያ እምብርቱ ዙሪያ ነበር። ኋላ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ወረደ። አተኮሰው። ምግብ እንቢ አለ። የሆድ ቁርጠት በኛ ቤት ብርቅ አይደለም። ፌጦ ይበጠበጣል፣ ጤና አዳም ይታሻል፣ ያልፋል። ይሄኛው ግን አላለፈም።

ቅርባችን ወዳለ ክሊኒክ ወሰድነው። ደም ተወሰደ። ውጤቱ «ታይፎይድና ታይፈስ» ሆኖ መጣ። ይቺን ጥንድ የማያውቅ ማን አለ? ራስህን አመመህ፣ ታይፎይድና ታይፈስ። ወገብህን ያዘህ፣ ታይፎይድና ታይፈስ። ነገሩ ምክንያት አለው። ለታይፎይድ በብዛት የሚሠራው ምርመራ ዊዳል ይባላል። ይህ ምርመራ ጀርሙን ራሱን አያይም። የሚያየው ሰውነት ጀርሙን ለመዋጋት ያዘጋጀውን አንቲቦዲ ነው። ድሮ ታመው የዳኑበት በሽታም ሆነ ሌላ ተቀራራቢ ጀርም ውጤቱን «አለ» ሊያሰኘው ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ዊዳል ብዙ አይታመንም። የተሻለው ደም ወስዶ ጀርሙን ማሳደግ፣ ካልቸር የሚሉት ነው። እሱ ደግሞ ቀናት ይፈጃል፣ በየቦታውም አይገኝም።

አንቲባዮቲክ ተጽፎልን ወጣን። የልጁን ሆድ ግን በእጁ የዳበሰው ሰው አልነበረም። እኔን የከፋኝ እሱ ነው። ሆዱን ለታመመ ልጅ ከሁሉ በፊት ሆዱ ይታያል።

ማታ ህመሙ ባሰበት። በማግስቱ ወደ ደሴ ይዘነው ወጣን። ሐረጎን የሚያውቅ ሰው መንገዱን ያውቀዋል፤ ዳገት ነው፣ ጥምዝ ነው። ዶክተሩ ጋ ስንቀርብ መጀመሪያ የጠየቀው «መኪናው ሲነጥር ህመሙ ይብስበት ነበር?» ብሎ ነው። ወሬ ማስጀመሪያ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳነብ ለካ ጥናት አለበት። እንግሊዝ አገር ተሠርቶ በ2012 በታተመ ጥናት፣ ትርፍ አንጀት መሆኑ ከተረጋገጠላቸው 34 ሰዎች 33ቱ መኪናው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሲያልፍ ህመሙ ብሶባቸው ነበር። ስለዚህ ሲነጥር የማይብስ ከሆነ ትርፍ አንጀት የመሆን ዕድሉ ያንሳል። የባሰ ሁሉ ግን ትርፍ አንጀት ነው ማለት አይደለም፤ ሌላ የሆድ በሽታም ያብሰዋል። የኔው ልጅ ሐረጎን ተኝቶ ነው ያለፈው።

ዶክተሩ ሆዱን ቀስ ብሎ ተጫነ፣ ለቀቀ። በግራ ጎኑ እንዲተኛ አድርጎ እንደገና ዳበሰው። ልጁ ሲዞር የህመሙ ቦታም አብሮ ፈቀቅ አለ። ትርፍ አንጀት ሲሆን ብዙ ጊዜ ህመሙ አንድ ቦታ ይተክላል። «በአንድ እግርህ ዝለል» አለው። ዘለለ። ከዚያ አልትራሳውንድ ታዘዘ።

ወረቀቱ ላይ እንዲህ ይላል፦ በቀኝ የታችኛው ሆድ በርከት ያሉ ያበጡ የሊምፍ እጢዎች ታይተዋል፣ ትልቁ 11 ሚሊ ሜትር ነው፣ ትርፍ አንጀቱ ጤናማ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ ካንሰር ነው ብላ እንባዋ መጣ። አይደለም።

አንገት ሥር ወይም ብሽሽት ላይ የሚወጣውን ንፍፊት ሁላችንም እናውቀዋለን። እግር ሲቆስል ብሽሽት ላይ ጉብ ይላል። ሆድ ውስጥም ትንሹን አንጀት አቅፎ በሚይዘው ስስ ሽፋን ላይ እንደዚያ ያሉ እጢዎች በብዛት አሉ። በግ ሲታረድ አንጀት ሲያጸዳ የዋለ ሰው ሽፋኑን አይቶታል። አንጀት ላይ ወይም ጉሮሮ ላይ ኢንፌክሽን ሲኖር እነዚህ እጢዎች ሥራ ይበዛባቸዋል፣ ያብጣሉ፣ ያማሉ። በሽታው በልጆችና በአሥራዎቹ ዕድሜ ባሉት ላይ ይበዛል። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ቫይረስ ነው። በራሱ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይለቃል። ጤነኛ ልጅ ሆድ ውስጥም ትናንሽ እጢዎች በአልትራሳውንድ ይታያሉ። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ በአጭሩ ጎን ሲለኩ 8 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ተሰብስበው የሚታዩ እጢዎችን «አብጠዋል» የሚሉት።

አስፕሪኑ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

አባቴ ልቡን ታሞ ስለነበር በየቀኑ ትንሿን አስፕሪን ይወስዳል። ስለዚህ መድኃኒቱ ቤታችን ውስጥ አለ። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ደወለ። «እህቴ፣ አስፕሪን እኮ እብጠት ያጠፋል። በሊምፍ ላይ ተመራምረውበታል፣ ልኬልሻለሁ፣ አንብቢው» አለኝ። እናቴም ሰምታ «ከአባትሽ መድኃኒት ግማሹን ብንሰጠውስ?» አለች። ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤታችን ብቻ «አብሽሪ፣ አላህ ያሽረዋል። ዝም ብለሽ ፈሳሽ አጠጪው» አለችኝ። የዶክተሩን ምክር ሳታውቀው ቃል በቃል ደገመችው።

ወንድሜ የላካቸውን ከፈትኩ። የውሸት ነገር አይደሉም። አንዱ በ2012 ከሜልቦርን የወጣ ነው። ካንሰር በሊምፍ ቧንቧ በኩል እንዴት እንደሚዛመት ያጠናል። ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ኬሚካሎች ቧንቧዎቹን ያሰፋሉ፣ ለካንሰሩ መንገድ ይከፍቱለታል። አስፕሪን የሚገኝበት የመድኃኒት ወገን ይህንን ይቀንሳል። ሌላው በ2025 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ የካምብሪጅ ጥናት ነው። ፕሌትሌት የሚባሉት ደም የሚያረጉ ሕዋሳት ትሮምቦክሳን ኤ2 የተባለ ንጥረ ነገር ይለቃሉ። ይህ ነገር ቲ ሴሎችን፣ ማለትም በሽታ የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት፣ ያደነዝዛል። አስፕሪን ሲያግደው ቲ ሴሎቹ ነቅተው የተበተነውን የካንሰር ሕዋስ ያጠቃሉ። እንደ ባዮሎጂ መምህር ሳነበው ደስ ብሎኛል፣ ክፍል ውስጥም አስተምረዋለሁ።

ግን ልብ በሉ። ሁለቱም ጥናቶች ስለ ካንሰር ናቸው። ዋናው ሙከራ የተሠራው በአይጥ ላይ ነው። የኔ ልጅ አይጥም አይደለም፣ ካንሰርም የለበትም። «ሊምፍ» የሚለው ቃል ሁለቱም ቦታ ስላለ ብቻ ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል አይቻልም። ሰው ጥናት ሲልክላችሁ መጀመሪያ በማን ላይ፣ ለየትኛው በሽታ፣ በምን ያህል መጠን እንደተሠራ ፈልጉ። ርዕሱን አንብቦ የሚልክ ብዙ ነው። ወንድሜን ጨምሮ፤ ይቅር ይበለኝ።

መጠኑ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። አስፕሪንን ባየር የሚባለው የጀርመን ኩባንያ ገበያ ላይ ያወጣው በ1899 ነው። እንዴት እንደሚሠራ የታወቀው ግን ከሰባ ዓመት በኋላ ነው። ጆን ቬን የተባለ እንግሊዛዊ በ1971 አስፕሪን የፕሮስታግላንዲንን መመረት እንደሚያግድ አሳየ። በ1982 ከሁለት ስዊድናውያን ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ስለዚህ «እብጠት ያጠፋል» የሚለው እውነት ነው። ነገር ግን ለልብ የሚሰጠው ከ75 እስከ 100 ሚሊ ግራም የሆነው መጠን ሥራው ፕሌትሌትን ማገድ ነው። እብጠት ለማጥፋት አዋቂ ሰው በቀን ብዙ ግራም ያስፈልገዋል። ያን ያህል ሲወሰድ ጨጓራ ይላጣል፣ ጆሮ ይጮኻል። እናቴ ያሰበቻት ግማሽ ኪኒን ለእጢው ምንም አትፈይድለትም፤ ጉዳቷ ግን አይቀርም።

ጉዳቱ ምንድን ነው? ዋናው ራይ ሲንድረም ይባላል። በ1963 ራይ የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ ናቸው የገለጹት። ልጁ ኢንፍሉዌንዛ ወይም ጉድፍ ይይዘዋል። ሊድን ሲል ድንገት ማስመለስ ይጀምራል። ትውከቱ አያቋርጥም። ይደነዝዛል፣ ይነጫነጫል፣ ሰው ማወቅ ያቅተዋል። ጉበቱ ስብ ይሞላል፣ አንጎሉ ያብጣል። ብርቅ በሽታ ነው፣ ግን ይገድላል። አሜሪካ ውስጥ ከ1979 እስከ 1980 ባለው አንድ ዓመት ብቻ 555 ልጆች ተመዝግበዋል። ከአስፕሪን ጋር ያለው ግንኙነት ታውቆ ወላጆች መስጠት ሲያቆሙ ቁጥሩ ወረደ። ከ1987 በኋላ በዓመት ከ36 በልጦ አያውቅም። የአስፕሪን ማሸጊያ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ የተደረገው በ1986 ነው። እንግሊዝ በዚያው ዓመት ከ12 ዓመት በታች ላሉት ከለከለች፣ ኋላም ክልከላውን ወደ 16 ዓመት ከፍ አደረገችው።

አሁን የኔን ልጅ አስቡት። ጉንፋን ይዞት ሰንብቷል። ሊሻለው ሲል ነው ሆዱን ያመመው። እጢዎቹ ያበጡት በቫይረስ ሳይሆን አይቀርም። አስፕሪን አትስጡ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ነው።

ሌላም አለ። እጢ ነው የተባለው ነገር በማግስቱ ትርፍ አንጀት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሁለቱ በጣም ይመሳሰላሉ። ኦፕሬሽን ካስፈለገ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ሰውነቱ ውስጥ ባይኖር ይመረጣል። አስፕሪን አንዴ የነካው ፕሌትሌት እስኪሞት ድረስ አይመለስም። አዲሱ እስኪተካ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይወስዳል። ከዚህም በላይ እኛ ያለነው ከአፋር ጎን ነው። በባቲ በኩል ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል። አፋር ውስጥ የደንጊ ወረርሽኝ ተነስቶ ያውቃል። ደንጊ ትኩሳት ነው፣ የሰውነት ቁርጥማት ነው፣ ሆድም ያማል፣ ሊያደማም ይችላል። አስፕሪን ከተወሰደበት መድማቱን ያባብሰዋል። ከቆላ የተመለሰ ሰው ሲያተኩሰው ምክንያቱ ሳይታወቅ አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ አይነካም።

በሌላ ምክንያት ለልጅ አስፕሪን የሚታዘዝበት ጊዜ እንዳለ ግን ልናገር። በኛ አገር የተለመደው ሩማቲክ ፊቨር ነው፤ ከጉሮሮ ህመም ተነስቶ መገጣጠሚያና ልብ የሚያጠቃው። ካዋሳኪ የሚባል በሽታም አለ። እነዚህን ሐኪም እየተከታተለ ነው የሚሰጠው። ልጃችሁ ለዚህ ታዞለት ከሆነ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ እንዳታቋርጡ። ጉንፋን ወይም ጉድፍ ሲይዘው ግን ቶሎ ለሐኪሙ ንገሩት።

ታዲያ ለልጄ ምን ተደረገለት? ከምትገምቱት በታች። ዶክተሩ አንቲባዮቲኩን አስቆመው። ፓራሲታሞል፣ ፈሳሽ፣ ዕረፍት። በቃ። እናቴ «ለዚህ ነው ደሴ ድረስ የሄዳችሁት?» አለች። ለዚህ ነው አዎ። ትርፍ አንጀት አለመሆኑን ማወቅ ራሱ ሕክምና ነው።

ፓራሲታሞል ላይ ሰው ስለሚሳሳት ትንሽ ልበል። መጠኑ የሚሰላው በዕድሜ ሳይሆን በኪሎ ነው። ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በየስድስት ሰዓቱ፣ በቀን ከአራት ጊዜ ሳይበልጥ። 25 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ከ250 እስከ 375 ሚሊ ግራም ይወስዳል ማለት ነው። የባለ 500ው ኪኒን ግማሽ ይበቃዋል። ሽሮፕ ከሆነ ጠርሙሱን አንብቡ። በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 የሚይዝ አለ፣ 250 የሚይዝም አለ። ማንኪያው አንድ ነው፣ መድኃኒቱ እጥፍ ነው። የጉንፋን መድኃኒት አብራችሁ የምትሰጡ ከሆነ እሱም ውስጥ ፓራሲታሞል ሊኖር ስለሚችል እዩት።

ዶክተሩ ሲሸኘን አጥብቆ የነገረን መቼ እንደምንመለስ ነው። ህመሙ ቀኝ የታችኛው ሆድ ላይ ተክሎ ሰዓት በሰዓት ከባሰ፣ ሆዱ እንደ እንጨት ከደረቀ፣ አረንጓዴ ካስመለሰው፣ ሰገራው ላይ ደም ከታየ፣ ቀጥ ብሎ መሄድ ካቃተው ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ኑ አለን። እንዲህ ሲሆን ፌጦም፣ ዳማከሴም፣ የሆድ መታሸትም አይሞከርም። በተለይ መታሸቱ። የቆሰለ ትርፍ አንጀት ታሽቶ ሊፈነዳ ይችላል።

የኔ ልጅ ዳነ፣ አልሐምዱሊላህ። ቀስ እያለ ነው የለቀቀው። ኳስ ሜዳ ከመመለሱ በፊት ትንሽ ተነጫነጨ እንጂ።

የሁሉም ሰው ግን እንዲህ አያልቅም። የአንድ ባልደረባዬ እህት ከወረኢሉ በኩል የመጣች ወጣት ናት። እሷም ሆዷ ውስጥ ያበጡ እጢዎች ተገኙ። ልዩነቱ ለወራት ያተኩሳት ነበር። ማታ ማታ ልብሷ በላብ ይርሳል። ከስታለች። ሲያተኩሳት ማስታገሻ ትውጣለች፣ ይበርድላታል፣ ሥራዋን ትቀጥላለች። ውሻ ሲጮኽ ዝም ማሰኘት ቀላል ነው፤ ግቢው ውስጥ የገባው ሰው ግን እዚያው ነው። የሆድ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። በአልትራሳውንድ እጢዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል፣ መሃላቸው ጠቁሯል፣ ሆዷም ውሃ ቋጥሯል። የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነጻ ነው። መደበኛው ስድስት ወር ይወስዳል፤ መጀመሪያ ሁለት ወር አራት መድኃኒት፣ ከዚያ አራት ወር ሁለት መድኃኒት። ሲሻል ማቋረጥ የለም። እሷ እንዳታቋርጥ እህቷ ዘብ ቆማባት ነበር።

ሆድ ውስጥ የሚገባው ቲቢ አንዱ መንገዱ ያልፈላ ወተት ነው። የከብት ቲቢ በዚያ ይተላለፋል። በፈረንጅ መጻሕፍት ላይ ለልጆች የሆድ እጢ ማበጥ የርሲኒያ የሚባል ባክቴሪያ በተደጋጋሚ ይነሳል፣ ምንጩም በአብዛኛው የአሳማ ሥጋ ነው ይላሉ። ወሎ ላይ ያ አያሰጋንም፤ መስጊድ የሚሄደውም ቤተ ክርስቲያን የሚስመውም አይበላውም። ግን ይኸው ባክቴሪያ በጥሬ ወተትና በቆሸሸ ውሃም ይመጣል። ገጠር ሄዶ «ትኩስ የታለበ» ሲባል እንቢ ማለት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። እኛ ቤት ወተት ሳይፈላ መጠጣት ቀርቷል። እርጎውም ከፈላ ወተት ነው የሚረጋው። አባቴ ጣዕሙ ጠፋ እያለ ያጉረመርማል።

ከአባቴ ጋር ሌላም ጣጣ ነበረብኝ። ስለ አስፕሪን ስናወራ ሰምቶ «እንዲህ አደገኛ ከሆነ እኔም ልተወው» አለ። አይሆንም። ልቡን ወይም ጭንቅላቱን ደም ረግቶበት ለታመመ አዋቂ አስፕሪን ሕይወት ያድናል። በተለይ የልብ ቧንቧ ማስፊያ የገባለት ሰው በራሱ ፈቃድ ካቋረጠ ቧንቧው ሊዘጋበት ይችላል። ሌላው ነገር ደግሞ በሽታ የሌለበት ሽማግሌ «ለጤና» ብሎ መጀመሩ ነው። በ2018 ውጤቱ የታተመ፣ 19,114 አውስትራሊያውያንና አሜሪካውያን አረጋውያን የተሳተፉበት ጥናት ነበር። በየቀኑ 100 ሚሊ ግራም መውሰዳቸው ከአካል ጉዳትና ከመርሳት በሽታ ነጻ ሆነው የሚኖሩበትን ዕድሜ አላረዘመውም። ከባድ መድማት ግን ጨመረባቸው። ስለዚህ የታዘዘለት ይውሰድ፣ ያልታዘዘለት ከጎረቤት አይዋስ። አስፕሪን የምትወስዱም ጥርስ ከማስነቀላችሁ ወይም ኦፕሬሽን ከመግባታችሁ በፊት ለሐኪሙ ቀድማችሁ ንገሩት፤ ይቁም አይቁም የሚለውን እሱ ይወስን።